ምርጥ ዘርና ልውጥ ዘር አንድ አይደሉም

(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያደረገው ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላትና ለሠፈሩ ነዋሪዎች ሁሉ እንዲደርስ በሥራ አመራር ኮሚቴው ውሳኔ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



 

ዛሬ የያዝነው ጉዳይ የዘር ድንች ብድር ነው። ማኅበራችን ዘር ድንች ለአባላቱ እያበደረ፣ አባሉም ሲደርስለት የወሰደውን ያህል በዓይነት እየመለሰ እዚህ ደርሰናል። ዘንድሮ ግን ለምዝገባ ስንዞር ፈራሚ አነሰ። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ዘሩ የተለወጠ ነው አሉ» የሚል መልስ አገኘን። ሌላው ደግሞ «ትል እንዳይበላው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ትልን የገደለ ሰውን አይምርም» አለን። «መሬቱን ያመክናል» ያሉም አሉ፤ «ሁለተኛ ዓመት አይበቅልም» ያሉም አሉ።

ይህ ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ገብሱ ገና ሳይደርስ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ ለልጆቻችን ቀድሞ የሚደርስልን ድንች ነው። በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል። በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ ደጋ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። በወሬ ምክንያት ዘሩን የተወ ቤት ክረምቱ ሲገባ እህል ፍለጋ ደጅ ይጠናል። ስለዚህ ነገሩን ተነጋግረን መለየት አለብን።

ወሬውን ማን አመጣው ብዬ ፍለጋ አልገባም። በወሬው ውስጥ እውነትም አለ፤ ከእውነቱ ጋር የተቀላቀለ ስሕተትም አለ። ስንዴ ከነእንክርዳዱ አይፈጭም፤ እንልቀመው። እኔ ትምህርቴ አንደኛ ደረጃ ነው። የምነግራችሁ ከግብርና ባለሙያዎች ጠይቄ፣ የተጻፈውን አንብቤ፣ ያልገባኝን ተማሪ ልጆቻችን እንዲያስረዱኝ አድርጌ የያዝኩትን ነው።

አንደኛ፤ ምርጥ ዘር ማለት ምን ማለት ነው?

አባቶቻችን ከገብሱ ማሳ ዛላው የሞላውን፣ ውርጭ ያልመታውን ለይተው ለዘር ያስቀምጡ ነበር። ይህ ምርጫ ነው። የተመራማሪዎቹም ሥራ ከዚሁ ብዙ የራቀ አይደለም። የአንዱን ድንች የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው ድንች አበባ ያደርሳሉ፤ ድንችን ከድንች ያጋባሉ ማለት ነው። ከሚወለዱት ብዙ ችግኞች መካከል በሽታ የሚችለውን፣ ምርት የሚሰጠውን እየለዩ ለዓመታት ይፈትናሉ። ያለፈው ያልፋል፤ የወደቀው ይጣላል።

ዘንገናና ጉአሳ የሚባሉት የድንች ዓይነቶች በጎጃም ካለው ከአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው። ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት ደግሞ ከሆለታ ናቸው። መነሻቸው በፔሩ ሊማ ከተማ ካለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የመጣ ነው፤ የተመረጡትና የተፈተኑት ግን በኛው አፈር ላይ ነው። ሁሉም ድንች ከድንች ተዳቅሎ የተገኙ ናቸው። ማኅበራችን የሚያበድረው ጉደኔና በለጠ ነው። በነዚህ ውስጥ ከሌላ ፍጥረት የተወሰደ ምንም ነገር አልገባባቸውም።

«የውጭ ዘር ነው» ለሚለውም መልስ አለ። ድንች ራሱ እኮ እንግዳ ነበር። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል። ዛሬ የጉና ተራራ ሥር ገበሬ ያለ ድንች ክረምትን አይሻገርም። እንግዳ መሆኑ ብቻውን ነውር አይሆንበትም።

ሁለተኛ፤ ልውጥ ዘር ማለትስ?

አሁን ወደ እውነተኛው ነገር እንምጣ። ትል እንዳይበላው ተደርጎ የተሠራ ዘር በዓለም ላይ አለ። ወሬ አይደለም። በአዋጃችን ስሙ «ልውጥ ሕያው» ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ አንድ ባክቴሪያ አለ። በ1893 ዓ.ም. ኢሺዋታ የተባለ ጃፓናዊ የሐር ትሎች ለምን እንደሚያልቁ ሲመረምር አገኘው። ከአሥር ዓመት በኋላ በርሊነር የተባለ ጀርመናዊ ቱሪንጂያ በሚባል አገር፣ ዱቄት ከሚበላ የእሳት እራት ትል ላይ አገኘውና ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚል ስም ሰጠው። ስሙ ስለሚረዝም ባለሙያዎች «ቢቲ» ይሉታል። ይህ ባክቴሪያ እንደ ጨው ፍሬ ያለ የፕሮቲን ቅንጣት ይሠራል። ትሉ ከቅጠል ጋር ሲበላው በሆዱ ውስጥ ይሟሟል፤ የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳዋል። ትሉ መብላት ያቆማል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። ገበሬዎች በብዙ አገር ይህን ባክቴሪያ እንደ መድኃኒት ተክል ላይ ሲረጩት ኖረዋል።

በኋላ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሰቡ። ባክቴሪያው ያን ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝ በዘረ መሉ ውስጥ አለ። ዘረ መል ማለት ልጅ አባቱን፣ ፍሬ ግንዱን እንዲመስል የሚያደርገው በውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ያችን አንዲት ትእዛዝ ከባክቴሪያው ወስደው ተክሉ ውስጥ አስገቡ። እንግዲህ ተክሉ ራሱ ፕሮቲኑን ይሠራል፤ ትሉ ቅጠሉን ሲነክስ መድኃኒቱን አብሮ ይውጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ምርጥ ዘር ድንችን ከድንች ያጋባል፤ ልውጥ ዘር ግን ከሌላ ፍጥረት የመጣ ትእዛዝ ይዟል።

እንዲህ ያለ ድንችም ተሠርቶ ያውቃል። በ1987 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሞንሳንቶ የሚባል ኩባንያ ቅጠል የሚያወድም ጥንዚዛን የሚቋቋም ድንች ለገበያ አወጣ። ነገር ግን ድንች ጠብሰው የሚሸጡ ትልልቅ ድርጅቶች «ደንበኛ ይሸሽብናል» ብለው አንቀበልም ስላሉ በ1993 ዓ.ም. ከገበያ ወጣ። ስለዚህ «ልውጥ ድንች አለ» ያለ ሰው ከባዶ ሜዳ አላመጣውም። የኛ ዘር እሱ ነው ማለቱ ነው ስሕተቱ።

ሦስተኛ፤ «ትል የሸሸውን እኔ እንዴት ልብላ?»

አንዲት እናታችን ለምዝገባ ቤታቸው ስንሄድ «ልጄ፣ ትል የሸሸውን እኔ እንዴት ልብላ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የብልኅ ጥያቄ ነው። መልስ ይገባዋል።

ትል የሚሸሸው ሁሉ ለሰው መርዝ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትን ብዙ ተባይ አይደፍረውም፤ እኛ ግን ወጥ እናጣፍጥበታለን። ግብጦ በመራራነቱ ራሱን ይጠብቃል፤ እኛ በውኃ ዘፍዝፈን፣ መራራውን አስለቅቀን እንበላዋለን። የቢቲ ፕሮቲን ደግሞ እንደ ቁልፍ ነው። የዚያን ትል አንጀት የሚከፍት ቁልፍ ነው። የሰው አንጀት ያ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ የጨጓራችን አሲድም ይፈጨዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እስካሁን ተመርምረው ለገበያ የቀረቡት ልውጥ ምግቦች ጤና ይጎዳሉ ተብሎ እንደማይገመት፣ ሆኖም እያንዳንዱ ለየብቻው መመርመር እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱንም እንያዝ፤ «ሁሉም ደኅና ነው» አላለም፤ «ሁሉም መርዝ ነው» አላለም።

እኔ ግን ለእናታችንም ለሁላችንም ሌላ ጥያቄ አለኝ። ገበያ ወጥተን ትል ያልነካው፣ ቅጠሉ ያልተበሳ ጥቅል ጎመን ስናይ «ይህ ጥሩ ነው» ብለን እንገዛለን። ትል ለምን እንዳልነካው ግን አንጠይቅም። ብዙ ጊዜ ያልነካው ስለ ተረጨ ነው። መቼ ተረጨ? ምን ተረጨ? ከተረጨ ስንት ቀን ቆይቶ ተቆረጠ? ያልመጣውን ዘር ፈርተን በየሳምንቱ የምንበላውን ርጭት ሳንጠይቅ መቅረታችን ያሳስበኛል።

አራተኛ፤ ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

በባንግላዴሽ ደበርጃን በብዛት ይበላል። የድንችና የቲማቲም ዘመድ የሆነ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው አትክልት ነው። ግንዱንና ፍሬውን የሚበሳ ትል አለበት። ትሉ አንዴ ፍሬው ውስጥ ከገባ መድኃኒት አያገኘውም። ስለዚህ ገበሬው ሳይገባ ልቅደመው እያለ ይረጫል፤ ደግሞ ይረጫል። በአንድ የምርት ወቅት ብቻ 80 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚረጩ ነበሩ። ያንን ፍሬ ነው ሕዝቡ የሚበላው፤ ያንን ጭስ ነው ገበሬው የሚተነፍሰው።

በጥር 2006 ዓ.ም. የባንግላዴሽ መንግሥት አራት ዓይነት የቢቲ ደበርጃን ችግኝ ለ20 ገበሬዎች ሰጠ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚዘሩት ከ20 ሺህ በላይ ሆኑ። በኋላ 1,200 ያህል ገበሬዎችን በሁለት ወገን ከፍለው ሲያወዳድሩ፣ ልውጡን የዘሩት የሚረጩት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ምርታቸውም ጨመረ። ዘሩ ድቅል ስላልሆነ ገበሬው ራሱ አስቀምጦ መዝራት ይችላል።

ይህንኑ ዘር መጀመሪያ የሠራው የህንድ ኩባንያ ነበር። ሆኖም ህንድ በየካቲት 2002 ዓ.ም. አገደችው። የጊዜው የአካባቢ ሚኒስትር ጃይራም ራሜሽ በሰባት ከተሞች ሕዝብ ሰብስበው ካነጋገሩ በኋላ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብለው አቆሙት። በፊሊፒንስ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. እንዲመረት ተፈቀደ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ፈቃዱን አነሳ።

ተመልከቱ፤ ተክሉ አንድ ነው፤ ሦስት አገር ሦስት ዓይነት ውሳኔ ሰጠ። እያንዳንዱ አገር ችግሩን፣ ገበሬውንና ሕጉን መዝኖ ነው የወሰነው። እኛም ብንሆን የራሳችንን ሚዛን መያዝ አለብን።

አምስተኛ፤ በአገራችንስ?

በዚህ ጉዳይ አገራችን በዓለም ፊት ስም አላት። በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአፍሪካ አገሮችን ወክለው ስለ ልውጥ ሕያው የሚደረገውን ዓለም አቀፍ ድርድር መርተዋል። የካርታኼና ስምምነት የሚባለው በጥር 1992 ዓ.ም. ሲጸድቅ፣ አንድ አገር ልውጥ ዘር ወደ ምድሩ ከመግባቱ በፊት የመጠየቅና እምቢ የማለት መብት እንዲኖረው ብዙ ደክመዋል።

ከዚያ በኋላ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ወጣ። ጥብቅ አዋጅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለና ለምርምር በሩ ሰፋ። በ2010 ዓ.ም. ጓይ ትልን የሚቋቋሙ ሁለት ድቅል የጥጥ ዓይነቶች ከህንድ መጥተው ተፈቀዱ። ጓይ ትልን ሽንብራ የዘራ ሁሉ ያውቀዋል። ለቀን ሥራ ወደ መተማ የሚወርዱት ልጆቻችንም በጥጡ ላይ አይተውታል። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች በቆሎን ካጠቃ በኋላ ደግሞ፣ ትልና ድርቅ ይቋቋማል የተባለ ልውጥ በቆሎ በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በኩል መልካሳ ላይ በተከለለ ማሳ እንዲሞከር ተፈቀደ።

ይህን ማወቃችን ደግ ነው፤ ነገሩ ወደ አገራችን መድረሱን ያሳየናል። አትክልትን በተመለከተ ግን ለገበሬ የተሠራጨ ልውጥ ጎመን፣ ልውጥ ሽንኩርት፣ ልውጥ ቲማቲም ወይም ልውጥ ድንች በአገራችን የለም። መጋዘናችን ያለው ዘር ልውጥ አይደለም።

ስድስተኛ፤ ከፍርሃቱ ውስጥ እውነቱ የቱ ነው?

«ሁለተኛ ዓመት አይበቅልም» የሚለውን እንይ። ድቅል ዘር፣ ለምሳሌ ድቅል በቆሎ፣ ፍሬውን መልሳችሁ ብትዘሩት ይበቅላል፤ እናቱን ግን አይመስልም፤ ምርቱ ይወርዳል። ስለዚህ በየዓመቱ መግዛት ያስፈልጋል። ይህ በልውጡም ባልተለወጠውም ድቅል ላይ አለ። ድንች ግን የሚተከለው ራሱ ድንቹ ስለሆነ እናቱን እንደመሰለ ይኖራል።

«ታዲያ ምርጡ ድንች በሦስትና በአራት ዓመቱ ለምን ይደክማል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ይደክማል። ምክንያቱ ግን እንዲደክም ተደርጎ መሠራቱ አይደለም። በሽታ ከእናት ድንች ወደ ልጅ ድንች እየተላለፈ፣ በየዓመቱ እየበዛ ስለሚሄድ ነው። ትልቁን ለገበያ አውጥተን ኮሳሳውን ለዘር ስናስቀምጥ ደግሞ በሽታውን እየመረጥን እናስቀምጣለን ማለት ነው። መፍትሔው ከጤነኛው ግንድ ገና በቅጠሉ ሳለ ምልክት አድርጎ ለዘር መለየትና በየጥቂት ዓመቱ ዘርን ማደስ ነው። ብድሩም የተቋቋመው ለዚሁ ነው።

«መሬቱን ያመክናል» የሚለው መሠረት የለውም። መሬታችንን የሚያመክነው ጎርፍና ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ሰብል መደጋገም ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ልውጥ ዘር ሲነገር በደንብ መፈራት ያለበትን ልንገራችሁ። ተባይ ይለምዳል። በጥቅል ጎመናችን ላይ የምናያት፣ ክንፏን ስትገጥም ጀርባዋ ላይ ነጣ ያለ ምልክት የሚታይባት ትንሽ የእሳት እራት አለች፤ ትሏ ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። ይህችው ተባይ ሃዋይ በሚባለው ደሴት በቢቲ ርጭት ብዛት ለመድኃኒቱ እንደ ለመደችው በ1982 ዓ.ም. ተጽፏል። በህንድም የጥጥ ትል ልውጡን ጥጥ ለምዶ እንደ ገና መብላት ጀምሯል። ስለዚህ ባለሙያዎች ከልውጡ አጠገብ ያልተለወጠ ዘር የሚዘራበት መጠጊያ ማሳ ይኑር ይላሉ። እዚያ ያደጉት ያልለመዱት ተባዮች ከለመዱት ጋር እየተዳቀሉ ልማዱን ያዘገዩታል። ማሳው አንድ ጥማድ የማይሞላ ገበሬ ከየት አምጥቶ መጠጊያ ይተዋል? ይህ ጥያቄ ከኛ መምጣት አለበት።

ሌላው፣ ይህ ዓይነቱ ልውጥ ዘር የሚመክተው የተወሰነ ዓይነት ትልን ነው። ክሽክሽን አይከለክልም፤ ውርጭን አይከለክልም። በኛ ደጋ የድንች ዋና ጠላት ደግሞ ትል አይደለም፤ በክረምት ጉም ሲበዛ ቅጠሉን አጥቁሮ በሳምንት ውስጥ ማሳውን የሚያነደው በሽታ ነው። ለትል የተሠራ ዘር ለዚያ ምንም አያደርግም።

ስለዚህ ወደፊት አንድ ሰው «ትል የማይበላው ዘር አመጣሁላችሁ» ብሎ ቢመጣ አንሩጥበት፤ አንሩጥለትም። አራት ጥያቄ እንጠይቀው።

1ኛ. የትኛውን ተባይ ነው የሚከለክለው? ያ ተባይ በኛ ማሳ አለ ወይ?

2ኛ. ዘሩን አስቀምጬ ለከርሞ መዝራት እችላለሁ ወይስ በየዓመቱ እገዛለሁ? ዋጋውስ?

3ኛ. ተባዩ እንዳይለምደው ምን ታስቧል? መጠጊያ ማሳውን ማን ይዘራዋል?

4ኛ. የፈቃዱ ወረቀት የታለ? በአዋጁ መሠረት የሚፈቅደው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ያለ ወረቀት የመጣ ልውጥ ዘር፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሕገ ወጥ ነው።

ሰባተኛ፤ እስከዚያው ምን እናድርግ?

ትሉ ግን አይጠብቀንም። ያለ አዲስ ዘር፣ ያለ ብዙ ገንዘብ የምንችለው አለ።

ድንችን የሚበሳው ትል እናቱ ትንሽ ግራጫ የሌሊት እራት ናት። እንቁላሏን የምትጥለው አፈር ባልሸፈነው ድንች ላይ ነው። ስለዚህ ጠለቅ አድርገን እንትከል፤ አፈር እያስታቀፍን እንኮትኩት፤ መሬቱ ሲሰነጠቅ እንድፈን። ቆፍረን ያወጣነውን ድንች ሜዳ ላይ አናሳድር፤ በድንች ቅጠልም አንሸፍነው፤ እራቷ ከዚያው ቅጠል ውስጥ ናትና። የተበሳውን ለይተን ለከብት እንስጠው እንጂ ከጤነኛው ጋር አናከማች። ዘሩን ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት ቆጥ ላይ በስሱ እንዘርጋው። ነፋስ መቼም በንፋስ መውጫ አይጠፋም።

በጎመን ላይ ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ እያገላበጥን እንቁላሉንና ትሉን በእጅ እንልቀም። ለጓሮ ጎመን ይህ ከመርጨት ይቀላል። ከታጨደ በኋላ የቀረውን ጉቶ ነቅለን እንቅበር። በቆላው ወገን ቲማቲም የምታለሙ ዘመዶቻችን፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባውና ቱታ የሚባለው ትል ቅጠሉን በውስጥ እየቦረቦረ ነው የሚያጠፋው። የተቦረቦረውን ቅጠልና ፍሬ እየለቀማችሁ ቅበሩ፤ ቲማቲምን በቲማቲም ላይ አትመላልሱ፤ ድንችም ዘመዱ ነውና በቲማቲሙ ቦታ አትተኩት።

የግድ መርጨት ካለብንም በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እናንብብ፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት እዚያ ተጽፏል። ዛሬ ረጭቶ ነገ ለገበያ መቁረጥ ጎረቤትን መበደል ነው። ልጆች እንዳይረጩ። ከነፋስ በተቃራኒ ቆመን አንርጭ። ባዶውን ጠርሙስ ለዘይትና ለጋዝ መያዣ አናድርገው፤ ቀጥቅጠን ከጉድጓድ ውኃና ከምንጭ አርቀን እንቅበረው። ከገበያ የመጣውን ጎመን ቅጠል በቅጠል ለያይተን በብዙ ውኃ እንጠበው፤ የላይኛውን ቅጠል ብንጥለው ጉዳት የለውም።

ክቡራንና ክቡራት፤

ማኅበሩ ማንንም አያስገድድም። ዘር ድንቹን አልወስድም ያለ አባል መብቱ ነው። የማኅበሩ ግዴታ ምን እንደሚሰጣችሁ መንገር ነው፤ ነግረናችኋል። መጋዘኑ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ዘሩን አገላብጦ ይይ፤ ከየት እንደ መጣ የሚያሳየውን ወረቀትም ጠይቆ ያንብብ። ምዝገባው በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። ዘሩ ካጎነቆለ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ያልተመዘገበበትን ለሌላ ሠፈር ማኅበር ለመስጠት እንገደዳለን።

ተጨማሪ ጥያቄ ያላችሁ በጽሑፍም በቃልም አምጡልን። መልሱን ከባለሙያ ጠይቀን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣዋለን። ፍርሃታችሁን ግን ጓዳ ለጓዳ አታዙሩት፤ እዚህ አምጡትና አብረን እንመዝነው።

 ክረምቱን የጥጋብ ያድርግልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ